«ካርፋክሱ ንጹሕ ነው» ሲሏችሁ፦ ያገለገለ መኪና ከዲለር ከመግዛታችሁ በፊት የታሪክ ማጣሪያ መንገዶች ንጽጽር

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያገለገለ መኪና ሊገዛ ዲለር ቤት የገባ ሰው «ካርፋክሱ ንጹሕ ነው» ሳይባል አይወጣም። ካርፋክስ የሚባለው የመኪናው የታሪክ ሪፖርት ታትሞ ይሰጠዋል፣ አናቱ ላይ ያለው «አደጋ አልተመዘገበም» በጣት ይጠቆምለታል፣ ከዚያ ወሬው ወዲያው ወደ ወርኃዊ ክፍያ ይዞራል። ብዙ ገዢም ማጣራቱን እዚያው ላይ ይዘጋዋል።

ወረቀቱ ግን መኪናው አልተጋጨም አይልም። የሚለው፣ ተጋጭቷል ብሎ ለካርፋክስ ያሳወቀ አካል የለም ነው። ጎረቤታችሁ ፓርኪንግ ውስጥ ግንብ ገጭቶ፣ ፖሊስም ኢንሹራንስም ሳይጠራ በጥሬ ገንዘብ ቢያስጠግን በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ አይገባም።

ካርፋክስ አንድ ድርጅት ነው። ከእሱ ሌላ አውቶቼክ የሚባል ተፎካካሪው አለ፤ በፌዴራል ሕግ የተቋቋመ የታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) መዝገብ አለ፤ ነጻ የስርቆትና የሪኮል (ፋብሪካው ለጥገና የሚጠራበት ጉድለት) ማጣሪያዎች አሉ፤ መኪናውን ሊፍት ላይ ሰቅሎ ሆዱን የሚያይ ሜካኒክም አለ። አንዱ በአንዱ አይተካም፣ ሁሉንም መግዛትም ግድ አይደለም። ቁም ነገሩ ለየትኛው መኪና የትኛውን፣ በየትኛው ቅደም ተከተል የሚለው ነው።

በምን እንመዝናቸው?

እኔ አራት ነገር እጠይቃለሁ። መረጃውን የሚሰጠው ማን ነው፣ የሚሰጠውስ በሕግ ተገዶ ነው ወይስ በፈቃዱ? ገዢ ማወቅ ከሚገባው ከአምስቱ ነገር፣ ማለትም ከታይትሉ፣ ከግጭቱ፣ ከማይሉ፣ መኪናው ከዋለበት ሥራና ከሰርቪሱ የትኛውን ያሳያል? የሚያመልጠውስ ምንድን ነው? በመጨረሻም፣ ስንት ዶላርና ስንት ሰዓት ይበላል?

ከአራቱ ክብደት የምሰጠው ለሦስተኛው ነው። ሪፖርት ሻጮች ሁሉ ምን እንዳላቸው በትልቁ ይጽፋሉ፣ የሌላቸው ግን የሚገኘው ከታች በደቃቁ ጽሑፍ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ቪን ቁጥሩ

ከ1981 ሞዴል ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ መኪና ሁሉ 17 ፊደልና አኃዝ ያለው ቪን የሚባል መለያ ቁጥር አለው። ከማስታወቂያው ሳይሆን ከመኪናው ላይ ገልብጡት። በሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወት ሥር ውጭ ቆማችሁ ይነበባል፤ የሾፌሩን በር ስትከፍቱ መቃኑ ላይ በተለጠፈው ወረቀትም አለ። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ሌላ ማጣራት አያስፈልግም፣ ደኅና ዋሉ ብላችሁ ውጡ።

የመጀመሪያው ምልክት የተሠራበትን አገር ይናገራል፤ 1፣ 4 እና 5 አሜሪካ፣ 2 ካናዳ፣ 3 ሜክሲኮ፣ «ጄ» ጃፓን ነው። አሥረኛው የሞዴሉ ዓመት ነው፤ «ጄ» 2018፣ «ኬ» 2019፣ «ኤል» 2020፣ «ኤም» 2021። 2020 ተብሎ የቀረበላችሁ መኪና አሥረኛው ላይ «ኬ» ካለበት ሻጩ ወይ ተሳስቷል ወይ እያሳሳታችሁ ነው፤ በሁለቱም መንገድ ዋጋው ከእንደገና ይነሳል።

ነጻዎቹ፦ አምስት ደቂቃ፣ ዜሮ ዶላር

የብሔራዊ የኢንሹራንስ ወንጀል ቢሮ «ቪንቼክ» የሚባል ነጻ ማጣሪያ አለው። መኪናው ተሰርቆ ያልተገኘ መሆኑን ወይም አባል የሆኑ ኢንሹራንሶች ሳልቬጅ (በጉዳት ተመትቶ ማስጠገኑ አያዋጣም የተባለ) ብለው ያሳወቁት መሆኑን ይነግራል። በ24 ሰዓት እስከ አምስት ቪን ያስገባል። ስለ ማይል፣ ስለ ሰርቪስ፣ ስለ ባለቤት ቁጥር ምንም አይልም፣ አባል ያልሆነ ኢንሹራንስ የያዘውንም አያውቅም። ቀይ ካበራ ይታመናል፤ ዝም ካለ ግን ገና ምንም አላወቃችሁም።

ሁለተኛው የፌዴራሉ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር የሪኮል ማጣሪያ ነው። ፋብሪካው ጠርቶት ገና ያልተጠገነ ጉድለት ካለ ያሳያል። የታካታ ኤርባግ ሪኮል ብቻውን አሜሪካ ውስጥ 67 ሚሊዮን ገደማ ኤርባጎችን የነካ ነውና፣ በ2000ዎቹና በ2010ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ መኪናዎችን የምታዩ ከሆነ ይህን መዝለል በገዛ ፊት ላይ መቀለድ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ዲለር ያልተጠገነ ሪኮል ያለበትን ያገለገለ መኪና እንዳይሸጥ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ የለም። ትልልቅ የመኪና አከራዮች ከ2016 ጀምሮ እንዳያከራዩ ተከልክለዋል፤ ዲለሩ ግን አልተከለከለም። በሌላ በኩል የሪኮል ጥገና በብራንዱ ዲለር ዘንድ በነጻ ስለሚሠራ፣ ሪኮል ስላለው ብቻ ጥሩ መኪና ጥሎ መሄድ አያስፈልግም። «አሠርታችሁ አስረክቡኝ» ማለት ይበቃል።

የፌዴራሉ የታይትል መዝገብ

የሙሉ ስሙ ምህጻር ረጅም ስለሆነ በንግዱ ውስጥ ያሉ ሰዎች «ኒምቪቲስ» ይሉታል። በ1992 በወጣ የመኪና ስርቆት መከላከያ ሕግ የተቋቋመ፣ በፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ሥር ያለ መዝገብ ሲሆን፣ ለተራ ገዢ የተከፈተው በ2009 ነው። ከመንግሥት በቀጥታ አይገዛም፤ ፈቃድ ያላቸው ሻጮች ዝርዝር በመዝገቡ ድረ ገጽ ላይ አለ። ዋጋው እንደየሻጩ ከጥቂት ዶላር እስከ አሥር ዶላር ገደማ ነው።

ከሌሎቹ የሚለየው አንድ ነገር አለው፤ እሱም ግዴታ ነው። ኢንሹራንሶች ቶታል ያደረጉትን (ከማስጠገን ይልቅ ዋጋውን የከፈሉበትን) መኪና፣ የስብርባሪ ግቢዎችም የተረከቡትን መኪና እንዲያሳውቁ በፌዴራል ሕግ ይገደዳሉ። የየስቴቱ የታይትል ምልክቶችም፣ ሳልቬጅ፣ ጎርፍ፣ ሪቢልት (ከሳልቬጅ በኋላ ተጠግኖ የተመለሰ) የሚባሉት፣ አንድ ጊዜ ከገቡ አይፋቁም።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ታይትል ማጠብ የሚባል ሥራ ስላለ ነው። አንድ ስቴት ውስጥ በጎርፍ ተበላሽቶ ታይትሉ ላይ ምልክት የተደረገበት መኪና፣ ምልክቱን በሌላ ስም ወደሚጠራ ወይም በደንብ ወደማያጣራ ስቴት ይወሰድና አዲስ ታይትል ይወጣለታል። አዲሱ ወረቀት ላይ ነገሩ የለም። ከዚያ ወደ ሦስተኛ ስቴት ይሻገርና ዲለሩ ግቢ ታጥቦ፣ ሽቶ ተነፍቶበት ይቆማል። እጃችሁ ላይ ያለው ታይትል ንጹሕ ነው፤ መዝገቡ ግን የመጀመሪያውን ስቴት ቃል አልረሳም።

የሚያመልጠውም ብዙ ነው። ቶታል ያላደረሰ ግጭት አይታይበትም፤ ሰርቪስ የለውም፤ ሪኮል የለውም። ከስንት ማይል ላይ ታይትል እንደተቀየረ ይነግራል እንጂ በመካከል ዘይት ተቀየረ አልተቀየረ አያውቅም። አጭርና ደረቅ ወረቀት ነው፤ እኔ በዚያ ደረቅነቱ ነው የምወደው።

ካርፋክስ

በ1984 የተጀመረ፣ ዋና ቢሮው እዚሁ ሴንተርቪል ቨርጂኒያ ያለ ድርጅት ነው። አንድ ሪፖርት ከኪሳችሁ ብትገዙ ወደ 45 ዶላር ነው፤ አብዛኛው ዲለር ግን በነጻ ይሰጣል፣ ስለዚህ መግዛት ያለባችሁ ዲለሩ እምቢ ሲል ብቻ ነው። እምቢ ማለቱ በራሱ አንድ መልስ ነው።

በነጻ የተሰጣችሁን ወረቀት ስትይዙ ሁለት ነገር ቀድማችሁ እዩ፤ ቪኑ ከመኪናው ጋር አንድ መሆኑንና የታተመበትን ቀን። ዲለሩ መኪናውን ሲገዛ ያተመውን ወረቀት ከሦስት ወር በኋላ ሊሰጣችሁ ይችላል። የአደጋ መረጃ ደግሞ መዝገብ ላይ እስኪደርስ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ «የዛሬውን አሳዩኝ» በሉ።

የካርፋክስ ጥንካሬ ሰርቪሱ ላይ ነው። ዘይት የሚቀይሩ ቤቶች፣ ጎማ ቤቶች፣ ኢንስፔክሽን ጣቢያዎች የሚልኩለት መረጃ ስላለ የመኪናው ሕይወት በየመስመሩ ይታያል። ይህን ለማንበብ ግን አናቱን ሳይሆን መካከሉን መመልከት ይፈልጋል። እንበል የ2018 ካምሪ ነው፣ አንድ ባለቤት፣ አደጋ የለም። መስመር በመስመር ስትወርዱ እስከ 38,000 ማይል ድረስ በየ5,000 ማይሉ፣ በየአምስት ወሩ ገደማ፣ ዘይት ተቀይሯል፤ ቦታውም አንድ ነው፣ ቨርጂኒያ። ከዚያ አሥራ አራት ወር ዝም። ቀጥሎ ያለው መስመር «ፔንሲልቬኒያ፣ ኦክሽን (ጨረታ) ላይ ቀረበ፣ 41,000 ማይል» ይላል። በየአምስት ወሩ ዘይት የሚያስቀይር ሰው በአሥራ አራት ወር 3,000 ማይል ብቻ ነዳ? ባለቤቱ ታሞ ይሆናል፤ አገር ቤት ሄዶ ይሆናል። መኪናው ተጋጭቶ ቦዲ ሾፕ ቆሞም ይሆናል፤ ማይሉ ወደ ኋላ ተመልሶም ይሆናል። ሪፖርቱ የትኛው እንደሆነ አይነግራችሁም፤ የት ላይ መቆፈር እንዳለባችሁ ግን አሳይቷችኋል።

ማይል መቀነስ የድሮ ወሬ እንዳይመስላችሁ። የፌዴራሉ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ግምት በዓመት ከ450,000 በላይ መኪና በሐሰተኛ ማይል ይሸጣል ይላል፤ ዲጂታሉን መቀየር ዛሬ የላፕቶፕ ሥራ ነው። የ2011 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ ያሉት ሲሸጡ ለ20 ዓመት ማይላቸው በጽሑፍ መገለጽ አለበት። ከዚያ በፊት ያሉት ግን ከግዴታው ወጥተዋል፤ ታይትላቸው ላይ «ነጻ ነው» (ኤግዘምት) የሚል ካያችሁ፣ የተጻፈውን ማይል ማንም አላረጋገጠም ማለት ነው።

ለእኛ ሰፈር ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለ። ካርፋክስ መኪናው ኪራይ፣ ታክሲ ወይም የድርጅት እንደነበረ የሚያሳየው በዚያ ስም ከተመዘገበ ነው። ኡበርና ሊፍት የሚሠራበት መኪና ግን ብዙውን ጊዜ የሚመዘገበው እንደ ማንኛውም የቤት መኪና ነው። ስለዚህ «ለግል አገልግሎት» የሚለው ጽሑፍ አያሳርፋችሁ፤ ማይሉን ለዕድሜው አካፍሉት። በዓመት 12,000 አካባቢ የተለመደ ነው። 40,000 ከወጣ መኪናው ሲሠራ ነው የከረመው። ያ ማለት አትግዙት ማለት አይደለም፤ በሃይዌይ ተነድቶ በጊዜው ዘይት የተቀየረለት መኪና ቆሞ ከዛገው ይሻላል። ዋጋው ግን የቤት መኪና ዋጋ መሆን የለበትም።

አውቶቼክ

የኤክስፔሪያን ነው፣ የክሬዲት ታሪካችንን የሚይዘው ያው ድርጅት። ነጠላው ወደ 30 ዶላር ሲሆን ብዙ ሪፖርት በአንድ ጥቅል ሲገዛ ለአንዱ የሚደርሰው በጣም ይቀንሳል። ጥንካሬው የኦክሽን መረጃ ላይ ነው፤ ዲለሮች በሚገዙባቸው ትልልቅ ኦክሽኖች «ፍሬሙ ተነክቷል» ተብሎ የተነገረ ነገር እዚህ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። በሰርቪስ ግን ከካርፋክስ ያንሳል።

ከ100 የሚሰጠው ነጥብ ብዙ ሰው ያሳስታል። እንደ ፈተና ውጤት አይነበብም፤ መኪናውን የሚያወዳድረው ከዕድሜና ከክፍል አቻዎቹ ጋር ነው። ዋናው ከነጥቡ አጠገብ ያለው የአቻዎቹ ክልል ነው፤ ነጥቡ ከክልሉ በታች ከወደቀ ምክንያቱን ፈልጉ።

ሜካኒኩ

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ ሰው የጻፈውን ያነባሉ። ሜካኒክ ግን ማንም ያልጻፈውን ያያል። ከ100 እስከ 250 ዶላር ይጠይቃል፣ አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ በላይ ይፈጃል። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ እዚህ ላይ አውሉት እላለሁ፣ ያለምንም ማቅማማት።

ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ የሚታወቅ የእኛ ሰው ሜካኒክ አይጠፋም፤ ዕድል ነው። ችግሩ ሥራውን በውለታ ስንጠይቅ ነው። «ወንድሜ እስቲ አንድ አፍታ ናና እያት» ተብሎ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የመጣ ሰው ሞተሩን አስነስቶ ሰምቶ፣ ጎማውን ነክቶ «ደኅና ትመስላለች» ይላል። ምን ያድርግ? ሊፍት የለው፣ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) አልያዘ። ክፈሉት፣ ጋራዡ ድረስ ውሰዱለት፣ የሚታየውንም ነገር በስሙ ጠይቁት።

መጀመሪያ ስካነር። የሞተር መብራት ማጥፋት ቀላል ነው፤ ኮዱን ማጥፋት ብቻ ይበቃል። ኮዱ ሲጠፋ ግን መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ሞኒተሮችም አብረው ወደ ዜሮ ይመለሳሉ፣ እስኪሞሉም ለቀናት መነዳት ይፈልጋሉ። ስካነሩ ብዙዎቹ «አልተዘጋጁም» ካለ፣ አንድ ሰው በቅርቡ መብራት አጥፍቷል ወይም ባትሪ ፈትቷል። ይህን 25 ዶላር የምታወጣ ትንሽ ስካነርም ታሳያለች።

ቀጥሎ ጎርፍ። የሾፌሩን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ጎትታችሁ አውጡት። ማጽጃ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው የሚታየው ጫፍ ላይ ነው፤ ከውስጥ ተጠቅልሎ የሚቀረው ክፍል ላይ ጭቃማ መስመር ወይም የሻጋታ ነጠብጣብ ካለ ውኃ ገብቷል። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ሥር ስኮርታ ጎማው የሚቀመጥበትን ጉድጓድ በጣት ዳሱት፤ ደቃቅ አሸዋ እዚያ ምን ያደርጋል? የወንበሩ ብሎኖች ዝገዋል ወይ? ደግሞ የሽቶው ብዛት፤ ከመጠን ያለፈ ሽታ የሚነፋ መኪና የሚደብቀው አለው።

ከዚያ አካሉ። የኮፈኑና የጎን ላሜራው ብሎኖች ቀለማቸው ከተላጠ ተፈትተው ያውቃሉ። በበሮቹ መካከል ያለው ክፍተት በአንድ ወገን ጠቦ በሌላው ከሰፋ፣ ቀለሙ በፀሐይ ሲታይ አንዱ በር ከሌላው ከተለየ ተጠግኖ ያውቃል፤ ማግኔት ሲጠጋ የማይይዝ ቦታ ካለ ሥሩ ስቱኮ ነው፤ ልብ በሉ፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ክፍል ላይ ማግኔት መጀመሪያውኑም አይይዝም። ሊፍት ላይ ሲወጣ ደግሞ የፍሬሙን መስመር ይከተል፤ ፋብሪካ የበየደውና ቦዲ ሾፕ የበየደው ለባለሙያ ዓይን ይለያያሉ። ጎማው ጎን ላይ ከ«ዶት» ቀጥሎ የሚገኘው ባለ አራት አኃዝ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይሰጣል፤ «3521» የ2021 ሠላሳ አምስተኛው ሳምንት ነው። 22,000 ማይል ነው የተባለ መኪና ጎማው ሁለተኛ ዙር ከሆነ ማይሉን ጠርጥሩ።

ሜካኒክ የማያየው የወረቀቱን ነገር ነው። በጥሩ እጅ የተጠገነ ሳልቬጅ ሊያልፈው ይችላል፤ ለዚያ ነው አሥሯ ዶላር መዝገብ አብራ የምትሄደው። ዲለሩ «መኪናው ከግቢ አይወጣም» ካለ፣ ግቢው ድረስ የሚመጡ ተንቀሳቃሽ መርማሪዎች አሉ። እነሱንም ካልፈቀደ ቁልፉን መልሱለት።

የዲለሩ የራሱ ወረቀቶች

በመስኮቱ ላይ የሚለጠፈው «ባየርስ ጋይድ» የፌዴራል ግዴታ ነው። መኪናው «እንዳለ» የሚሸጥ መሆኑን ወይም ዋስትና ያለው መሆኑን ይገልጻል፤ በውሉ ውስጥ ከተጻፈው ጋር ከተጋጨም የሚጸናው እሱ ነው። ሽያጩ በስፓኒሽ ከተካሄደ ወረቀቱም በስፓኒሽ መሰጠት አለበት ይላል ደንቡ። ስለ አማርኛ ምንም አይልም፤ የሚሸጥላችሁ አማርኛ ተናጋሪ ቢሆን እንኳ የሚያስራችሁ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ነውና በአፍ የተገባው ቃል ሁሉ ወረቀቱ ላይ ይስፈር።

«ኢንስፔክሽን አልፏል» የሚለው የታሪክ ማጣሪያ አይደለም። ሜሪላንድ ባለቤትነት ሲዛወር፣ ቨርጂኒያ በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ይጠይቃሉ፤ ዲሲ ለግል መኪና የደኅንነቱን ምርመራ ከተወች ቆይታለች። የሚታየው ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማ፣ መሪ ነው። ቶታል ሆኖ የተሠራ መኪናም ያልፋል።

«ሰርቲፋይድ» ሲባል ማን ሰርቲፋይድ አደረገው? ፋብሪካው ከሆነ በየትኛውም ከተማ የሚሠራ የፋብሪካ ዋስትና አለው፤ ዲለሩ ራሱ ከሆነ ዋጋው የዲለሩን ያህል ነው።

በአንድ ዓይን

| መንገድ | ዋጋ (ዶላር) | የሚበረታበት | የሚያመልጠው |
|---|---|---|---|
| ቪንቼክ | ነጻ | ስርቆት፣ ሳልቬጅ | አባል ያልሆኑ ኢንሹራንሶች፣ ማይል፣ ሰርቪስ |
| የሪኮል ማጣሪያ | ነጻ | ያልተጠገነ ሪኮል | የቀረው ታሪክ ሁሉ |
| የፌዴራሉ መዝገብ | እስከ 10 ገደማ | ቶታል፣ የታጠበ ታይትል | ቀላል ግጭት፣ ሰርቪስ |
| ካርፋክስ | 45 ገደማ፣ ከዲለር ነጻ | ሰርቪስ፣ የማይል ቅደም ተከተል | ያልተመዘገበ ግጭት፣ የኡበር ሥራ |
| አውቶቼክ | 30 ገደማ፣ በጥቅል ይረክሳል | የኦክሽን መረጃ | ሰርቪስ |
| ሜካኒክ | ከ100 እስከ 250 | ጎርፍ፣ ፍሬም፣ የአሁኑ ጤና | የወረቀት ታሪክ |

ለማን የትኛው?

ከ8,000 ዶላር በታች፣ አሮጌ ግን የሚነዳ መኪና ለምትፈልጉ፦ ሁለቱ ነጻዎች፣ የፌዴራሉ መዝገብ፣ ሜካኒክ። ካርፋክስ በነጻ ከተሰጣችሁ አንብቡት፣ ግን አትግዙት። በዚህ ዋጋ ያለ መኪና ትንሽ ግጭት ቢኖርበት አይደንቅም፤ ሞተሩና ትራንስሚሽኑ ናቸው ነገሩ።

ኡበር ወይም ሊፍት ልትሠሩበት ከሆነ ታይትሉ ከሁሉ ይቀድማል። ኡበር ሳልቬጅም ሆነ ሪቢልት ታይትል አይቀበልም፣ ስለዚህ በርካሽ የተገኘው መኪና ሥራ ሳይጀምር ይቀራል። ብዙ ባንክ ለእንዲህ ያለው አያበድርም፣ ሙሉ ኢንሹራንስ ማግኘትም ያስቸግራል። የፌዴራሉን መዝገብ ሳታወጡ ዲፖዚት አትስጡ።

ሁለት ሦስት ዓመት የሆነው፣ ከ20,000 ዶላር በላይ የሚወጣበት መኪና ላይ የዲለሩ ካርፋክስና የእናንተ አውቶቼክ ጎን ለጎን ይነበቡ፤ አንዱ የያዘውን ሌላው ስቶት ይገኛል። የፋብሪካ ዋስትና ቢኖርም ሜካኒኩን አትተዉ፤ ዋስትና የግጭትና የጎርፍ ጉዳት አይሸፍንም።

አምስት ስድስት መኪና እያማረጣችሁ ያላችሁ ደግሞ የአውቶቼክን ጥቅል ግዙ፣ በእሱ ወደ አንድ ወይም ሁለት አጥቡ፣ ለተረፈችው ብቻ ሜካኒክ ክፈሉ። ሌላ ስቴት ያለ መኪና ከሆነ ተንቀሳቃሽ መርማሪ ልካችሁ የቀበቶውንና የስኮርታውን ጉድጓድ ፎቶ በተለይ አስነሱ።

አዲስ አበባ ያለ ዘመዳችሁ «ከአሜሪካ በዱባይ በኩል የገባ» መኪና ሊገዛ ከሆነ ደግሞ ሊብሬው ላይ ያለውን ሻንሲ ቁጥር (ቪኑን) ይላክላችሁ። አሜሪካ ኦክሽን ላይ በሳልቬጅ ተሸጠው ወደ ባሕረ ሰላጤው ተጭነው፣ እዚያ ተጠግነው የሚሸጡ መኪናዎች አሉ። የፌዴራሉ መዝገብ የስብርባሪ ክፍል ውስጥ መኪናው ወደ ውጭ የሚላክ መሆኑ ጭምር የሚመዘገብበት ቦታ አለው። በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ከመውጣቱ በፊት አሥር ዶላር ምንም አይደለም።

ከመፈረም በፊት

በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል የሚለው ወሬ እዚህ አይሠራም። ዲለሩ ግቢ ሄዳችሁ ለገዛችሁት መኪና የፌዴራሉ የሦስት ቀን ሕግ አያገለግልም፤ መመለስ የሚቻለው ዲለሩ በጽሑፍ ከሰጠ ብቻ ነው። መኪናውን ለሜካኒክ እስክትወስዱ እንዲያዝላችሁ ዲፖዚት ከተጠየቃችሁ፣ ደረሰኙ ላይ «ምርመራውን ካላለፈ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» ተብሎ በሻጩ ፊርማ ይጻፍ፣ ቪን ቁጥሩም እዚያው ላይ ይስፈር።